በሐጂ አብዶ መስኮት ላይ የበቀለው

የደሎ መና አውቶቡስ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሮቤ ሲደርስ ቡና፣ ማርና ወሬ ጭኖ ነው የሚደርሰው። የዚያን ሰኞ ግን አንድ ፖስታም ይዞ ነበር። ሾፌሩ ከራሱ በላይ ካለው የፀሐይ መከላከያ መዠረጥ አድርጎ ለኢብቲሳም አቀበላት። ሦስት ወር ሙሉ ደብዳቤ ሲያመላልስላት የኖረ ሰው ነው። ፖስታውን ከፍቶ ባያነብም የልጅቷን ፊት ማንበብ ከጀመረ ቆይቷል።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ትሉኝ ይሆናል። ደብዳቤ ጸሐፊው ረዲ የሚሠራበት የችግኝ ጣቢያ ከሐረና ጫካ ወዲያ ነው። እዚያ ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታ ተወጥቶ፣ ስልክ ወደ ሰማይ ተይዞ፣ እሱም ዕድል ከቀና ነው። ፍቅር ደግሞ ኮረብታ ላይ ቆመው «ሄሎ፣ ይሰማል?» እየተባባሉ የሚያወሩት ነገር አይደለም። ስለዚህ ይጻጻፋሉ።

ሁለቱ የተዋወቁት ጎባ ነው። ኢብቲሳም እዚያ ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ ጠዋት ከሮቤ በሚኒባስ ትሄድና ማታ ትመለሳለች። ረዲ የዚያው ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ባለሙያ ነበር። የመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ትንኝና ዝንብ አጥምደው ስለሚበሉ ተክሎች የሚያወራ አንድ ገጽ አለ። ያንን ገጽ ስታስተምር አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ሥጋ የሚበላ ተክል ካለ የሚጾምም አለ?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ አናወጠው። ሳቁን ከኮሪደር የሰማው ረዲ ነገሩን ቀልድ ብሎ አልተወውም። የተራራውን አበቦች ሊያጠና መጥቶ የነበረ አንድ እንግዳ በወረቀት ጠቅልሎ የሰጠው ዘር ነበረው፤ እሱን ይዞላት መጣ። «እስቲ አብቅለን እናሳያቸው» አላት።

ነሐሴ ላይ፣ ተማሪ በሌለበት ቤተ ሙከራ፣ ዘሩት። በሰማያዊ የፕላስቲክ ሳህን ላይ አሸዋና ከዛፍ ግንድ የተላጠ፣ የዛፍ ሽበት የሚሉት እርጥብ አረንጓዴ ለምድ ደለደሉ። ዘሩ ከተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የደቀቀ ነው፤ አፈር አይለብስም፣ ብርሃን ካላየም አይነቃም። ረዲ ትንፋሹን ውጦ ወረቀቱን በጣቱ መታ መታ ሲያደርግ እሷ በሹክሹክታ «እንዳታስነጥስ» አለችው፤ ሳቁ አመለጠውና ግማሹ ዘር ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ከምናምን ምንም ነገር የለም። ሁለቱ በየቀኑ ከሳህኑ በላይ ጎንበስ ብለው በአጉሊ መነጽር ሲፈልጉ፣ ግንባራቸው ሲነካካ፣ ይቅርታ ሲባባሉ ሰነበቱ። የመርፌ ጫፍ የምታህል አረንጓዴ ነጥብ የታየች ዕለት ይቅርታ መባባሉ ቀረ።

የዚህን ተክል ጠባይ እዚህ ላይ ልንገራችሁ። የተፈጠረው ምንም በሌለው ድሃ መሬት ላይ ነው። ቅጠሉ ዙሪያውን በቀጫጭን ፀጉር የተሞላ ነው፤ በየፀጉሩ ጫፍ ጤዛ የሚመስል ሙጫ ይቋጥራል። ትንኝ ጤዛ መስሏት ስታርፍ ትጣበቃለች፣ ቅጠሉም ቀስ ብሎ ይጠቀልላታል። ምግቡ ይኸው ነው። ሥሩ ግን ጥጋብ አይችልም። የሚጠጣው የዝናብ ውሃ ብቻ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ያሳምመዋል፣ ማዳበሪያ ደግሞ ይገድለዋል።

ጥቅምት ላይ ረዲ ሽማግሌ ላከ። የኢብቲሳም አባት ሐጂ አብዶ ሲናና ላይ ሰፊ የስንዴ መሬት ያላቸው፣ ሮቤ ላይ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው። የረዲ አባት ደግሞ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ጎባ ላይ ማረሻ ቀጥቃጭ ነበሩ። አገሩ የቀጥቃጭ እጅ የሠራውን ይወዳል፤ የቀጥቃጭን ልጅ ግን ለልጁ አይፈልግም። ሐጂ ሽማግሌዎቹን በወግ ተቀብለው፣ አብልተው አጠጥተው፣ በመጨረሻ «ከሰል ላይ ስንዴ አይዘራም» አሉ። ያቺ አንዲት ቃል ሮቤ ገበያ ውላ ጎባ አደረች፤ ከረዲ እናት ከኡሙሰልማ ጆሮም ገባች። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የወናፉን እጀታ ራሳቸው ይዘው ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጡም። ሲወጡም «ከእንግዲህ በዚያ ደጅ የኔ ሽማግሌ አይቆምም» ብለው ማሉ።

ረዲ ሥራውን ለቆ ወደ ሐረና ወረደ። ሲሄድ ሳህኑን ጎባ መናኸሪያ ላይ ለኢብቲሳም ሰጣት። «አባትሽን ስለኔ አትለምኚ። ይህን ብቻ መስኮትሽ ላይ አስቀምጪልኝ» አላት። አስቀመጠችው። ሐጂ አዩት፤ ከማን እንደመጣ አውቀዋል፤ ምንም አላሉም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስለ ሳህኑ ማውራት ስለ ረዲ ማውራት ሆነ፤ ስለ ረዲ ደግሞ አይወራም። ስለዚህ ስለ ሳህኑ ማንም አልጠየቀም፣ እሷም ለማንም አላስረዳችም። ይህን ዝምታ ልብ በሉልኝ።

ኢብቲሳም ክፍሏ ገብታ ፖስታውን ከፈተችው።

«ኢብቲ፣ አሰላሙ አለይኪ። ባለፈው ሳምንት እናቴ ልትጠይቀኝ እዚህ ድረስ ወርዳ ነበር። አራት ወር ያልደፈርኩትን ወሬ ያን ቀን ደፈርኩት። እንዲህ አልኳት፦ ‹አዮ፣ እኔ በእጄ የዘራሁት ነገር በሐጂ አብዶ መስኮት ላይ በቅሎ ቆሟል። በጣም ስስ ነገር ነው፤ ክፉ ያሰበ እጅ ከነካው አይሰነብትም። እሳቸው ግን አንድ ጣት አላሳረፉበትም። ሰው የናቀውን ሰው ዘር በቤቱ አያሳድግም።› ከዚያ ‹እስቲ በዓይኔ ልየው› አለችኝ። ኢብቲ፣ ይህ ቃል ከእናቴ አፍ ወጣ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ትምህርት ቤቱ እደርሳለሁ። ሳህኑን ይዘሽ ቤተ ሙከራው ጠብቂኝ፤ ወስጄ አሳያታለሁ። ልቧ ከረጋ እሁድ ሽማግሌ ይመጣል። እንዴት ነው፣ ጤዛው አለ? እዚህ አሥር ሺህ ችግኝ እንከባከባለሁ፤ የማስበው ግን ያንን አንድ ሳህን ነው። ረዲ።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄዳ ተንበረከከች። ችግኞቹ አሥራ ሁለት ናቸው። ትልቁ የአንድ ብር ሳንቲም ያህላል። የባሌ ፀሐይ ቅጠላቸውን አቅልቶታል፤ ለዚህ ተክል መቅላት የጤንነት ምልክት ነው። በእያንዳንዷ ፀጉር ጫፍ ላይ አንዳንድ ጠብታ ተቀምጣለች። ኢብቲሳም ከደስታዋ ብዛት ልትነካቸው እጇን ሰደደችና መልሳ ሰበሰበችው።

እናቷን ወይዘሮ ሞሚናን ጓዳ አገኘቻቸው። «አዮ፣ እሁድ እንግዳ ሊመጣ ይችላል» አለቻቸው።

ሞሚና የያዙትን ወንፊት አስቀምጠው ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩ። ምን ዓይነት እንግዳ ብለው አልጠየቁም። እናት አይደሉ።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ወደ ጎባ ልትሄድ ስትነሳ በሩ ላይ ይዘዋት፣ «ለአባትሽ ነግሬያቸዋለሁ» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ዝም አሉ። ግን የጥቅምቱ ዝምታ አይደለም፣ ኢንታላኮ፣ ልጄ። ያን ጊዜ ዝም ሲሉ መንጋጭላቸው ይታይ ነበር። ትናንት ግን ዝም ብለው ሰላታቸውን አስረዘሙ።»

ኢብቲሳም ያን ቀን ሚኒባስ ውስጥ ብቻዋን ፈገግ እያለች ተጓዘች። የሰው ልጅ ክፉ ቀኑን ቀድሞ አለማወቁ አንዳንዴ ደግ ነገር ነው።

ረቡዕ ጠዋት መጋረጃውን ስትገልጥ ጤዛው አልነበረም።

መጀመሪያ ዓይኗን ተጠራጠረች። ቀርባ አየች። ፀጉሮቹ ደርቀው እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ በአንዱም ጫፍ ላይ ጠብታ የለም። በሽበቱ ላይ ጨው የመሰለ ነጭ ነገር ተጋግሯል። በሳህኑ ጫፍ ላይ ደግሞ ያልሟሟች አንዲት ነጭ ፍሬ ተቀምጣለች፤ የምስር ግማሽ ብታህል ነው። ለስንዴ ገበሬ ልጅ ያች ፍሬ ምን እንደሆነች አይጠፋትም። ዩሪያ፣ የስንዴ ማዳበሪያ ነች። ኢብቲሳም የመስኮቱን ደፍ ይዛ ቆመች።

ሐጂ አብዶ ግቢ ውስጥ የጠዋት ፀሐይ እየሞቁ ነበር። አጠገባቸው ሦስት ቀን ወረፋ ይዘው ከማኅበሩ ያመጡት የማዳበሪያ ጆንያ ተደርድሯል፤ የበልጉ ዘር ሊደርስ ነው። አንዱ ጆንያ ጠርዙ ተፈቷል።

«አባ፣» አለች፣ «መስኮቴ ላይ ያለውን ሳህን…»

ሽማግሌው እንደተያዘ ልጅ አፍረው ሳቁ። ሐጂ ሲያፍሩ አይታ አታውቅም።

«አየሽው? ለማንም አትንገሪ ብዬ እናትሽን አስምዬ ነበር» አሉ። «ትናንት ገብቼ አየሁት። በየቀኑ ውሃ ስታጠጪው አይሻለሁ፤ አራት ወር ውሃ ብቻ። ቀልቶ አገኘሁት። ስንዴም ሲርበው እንዲሁ ነው፤ ከታች ጀምሮ መልኩ ይለወጣል። ሰው በቤቴ ይራባል ወይ አልኩ። አንድ ቁንጥር ዩሪያ በውሃ በጥብጬ ሰጠሁት። አላበዛሁም፤ ለሕፃን እንደሚሰጥ ነው።»



ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሴት ልጅ አባት ‹ኑ› ብሎ አይልክም። ወግ የለውም፤ ልጁን የሚያራክስ ይመስላል። ስለዚህ እዚህ ቁጭ ብዬ ከመጠበቅ በቀር ምን አደርጋለሁ? ጥቅምት ላይ አፌ ሲከፈት ልቤን አላማከረም። የዚያ ልጅ አባት የሠራልኝ ማረሻ እኮ እስከ ዛሬ ጎተራ ውስጥ ተሰቅሏል። ትራክተር መጥቶ እንኳ አልጣልኩትም። እንግዲህ ለልጁ ላደርግለት የምችለው ነገር ይኸው ነበር፤ አደረግሁት።»

በእጃቸው ጆንያውን መታ መታ አደረጉ። በዚያ ዓመት አንድ ቁንጥር ዩሪያ ምን ያህል እንደሚሳሳለት ልጅቷ ታውቃለች። ከስንዴያቸው አፍ ነጥቀው ነው ለረዲ ተክል የሰጡት። አርባ ዓመት ያበቀለ እጅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ይቅርታ ሊጠይቅ ተዘርግቶ፣ የነካውን ገደለ። ይህን በየትኛው አፍ ትነግራቸዋለች?

«አላህ ይስጥልኝ፣ አባ» አለች።

ወደ ክፍሏ ተመልሳ ከአልጋዋ ሥር ያለውን ጀሪካን አወጣች። በክረምት ከጣራ የቀዳችው ውሃ ግማሽ ያህል ቀርቷል። ሁሉንም አፈሰሰችው፤ ሳህኑን እያዘነበለች አጠበችው፣ ደግማ አጠበችው። የሚወርደው ውሃ እየጠራ ሄደ፤ ጤዛው ግን አልተመለሰም። ጀሪካኑ ሲያልቅ በመስኮቱ ሰማዩን አየች። የካቲት ነው። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ብሎ፣ ደመና የሚባል ነገር አልነበረበትም።

ሐሙስ ቅጠሎቹ ከመሃል ጀምረው ጠቆሩ።

ዓርብ ሳህኑን በሻርፕዋ ጠቅልላ፣ ጭኗ ላይ አድርጋ ሚኒባስ ተሳፈረች። ከጎኗ የተቀመጡ ሴትዮ ማቀፏን አይተው፣ «ልጄ፣ ለታመመ የሚወሰድ ምግብ ነው?» ብለው ጠየቋት። ጎባ ሆስፒታል ያለበት ከተማ አይደል፤ ዕቃ አቅፎ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። «አይ፣ የታመመው እሱ ራሱ ነው» አለቻቸው። ሴትዮዋ ግራ ገብቷቸው «አላህ ይማረው» አሉ። ኢብቲሳም «አሚን» አለች፤ ከልቧ ነበር ያለችው።

ረዲ ከጁምዓ ሰላት በቀጥታ መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ከስቷል፤ ፀሐይ አጥቁሮታል። ቤተ ሙከራው በር ላይ ሆኖ ሲያያት ፊቱ በራ። ያንን ብርሃን በገዛ እጇ ልታጠፋው እንደሆነ ስለምታውቅ ዓይኗን ሰበረች።

«ነጉማ?» ብሎ ደህንነቷን ጠየቃት።

«ነጉማ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ምነው? አመመሽ እንዴ?»

ሻርፑን ራሷ መፍታት አቅቷት ሳህኑን ወደሱ ገፋ አደረገችለት። ረዲ ፈታው። ከዚያ በጣቱ የሳህኑን ጠርዝ ዳበሰ፤ ከእጥበቱ ተርፎ ጣቱ ላይ የቀረውን ነጭ ዱቄት አየው።

«ዩሪያ ነው» አለ።

«ረዲ፣ ቆይ ልንገርህ።»

«አንቺ አይደለሽም። አንቺ አታደርጊውም።» ዓይኑን ከሳህኑ ላይ አላነሳም። «እሳቸው ናቸው።»

«እሳቸው ናቸው። ግን እንደምታስበው አይደለም። ቀልቶ ሲያዩት የራበው መሰላቸው። ስንዴ ሲርበው መልኩ ይለወጣል አሉኝ። ሽማግሌ እንደሚመጣ ሰምተው፣ ደስ ብሏቸው ነው። ወላሂ ለደግ ነው።»

ረዲ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ጥርሱ ላይ ብቻ ነበር። «ኢብቲ፣ አርባ ዓመት ስንዴ ያበቀሉ ሰው ናቸው። ዩሪያ የበዛበት ቡቃያ እንደሚቃጠል ያጡታል?»

«አላበዙም። አንድ ቁንጥር ነው። ስንዴ ቢሆን ኖሮ ያፋፋው ነበር። ስንዴ አለመሆኑን ማን ነገራቸው? እኔ አልነገርኳቸው። አንተም አልነገርካቸው። በቤታችን ስለዚህ ሳህን አንድ ቀን እንኳ ተወርቶ አያውቅም።»

ረዲ መሳቢያውን ከፍቶ የድሮውን አጉሊ መነጽር አወጣና ሳህኑ ላይ ጎንበስ አለ። እሷም ከወዲህ በኩል ጎንበስ አለች። አንድ የተረፈ አረንጓዴ ነጥብ ፍለጋ ከቅጠል ቅጠል፣ ከጥግ ጥግ ዞሩ። በግንባራቸው መካከል አንድ ስንዝር ያህል ቀርቶ ነበር፤ ሁለቱም አልተጠጉም። ነጥቡም አልተገኘም።

ረዲ መነጽሩን አስቀመጠ። «እኔ አምንሻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺን ማመን አቅቶኝ አያውቅም። እናቴን ምን ልበላት? ክፉ ያሰበ እጅ ከነካው አይሰነብትም ያልኳት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ልብሷን ቀይራ፣ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ እየጠበቀችኝ ነው።»

«ከእጇ ወድቆ ተበላሸ በላት። ጥፋቱን በኔ አድርገው።»

«በዓይኔ ልየው ያለችን እናት በውሸት ልሸኛት? ቢሆንስ ታምነኛለች? ዕድሜዋን ከእሳት ጋር የኖረች ሴት ናት። የተቃጠለ ነገር ምን እንደሚመስል ለእሷ አይነገራትም።»

«እንግዲያው ወደ አባቴ ና። አሁኑኑ አብረን እንሂድና ከራሳቸው አፍ ስማው።»

«ሄጄ ምን ልበል? ተክሌን ለምን ገደሉብኝ ልበል? እንዳልሽው ለደግ ካደረጉት፣ መግደላቸውን ከኔ አፍ ሲሰሙ እሳቸው ይሞታሉ። ለክፉ ካደረጉት ደግሞ እኔ እሞታለሁ።» ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «እሳቸው አንድ ቃል ቢልኩ ነበር። አንዲት ቃል።»

«የሴት ልጅ አባት እንደማይልክ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

ኢብቲሳም ያን ጊዜ አለቀሰች። ከረቡዕ ጀምሮ የያዘችው እንባ ነው፤ ሲመጣ ከልካይ አልነበረውም። «እወድሃለሁ» አለችው፤ በደብዳቤ እንጂ በአፏ ብላው አታውቅም። «አባቴንም እወዳቸዋለሁ። ከሁላችሁም አንዳችሁ ክፉ ብትሆኑልኝ ኖሮ እንዴት በቀለለኝ። እናትህ ልክ ናቸው። አባቴ ደግ ናቸው። አንተ እውነት ነው የምትናገረው። እኔ ታዲያ ማንን ልጣላ?»

ረዲ ሊያባብላት እጁን አንስቶ ነበር፤ መንገድ ላይ ቀረ። ያልተሰጠችውን ልጅ መንካት ሌብነት መስሎ ታየው። በምትኩ ሳህኑን በሻርፗ መልሶ ጠቀለለው፤ የሞተ ነገር ሳይሆን የተኛ ነገር እንደሚጠቀለል፣ ቀስ ብሎ።

«እወስድላታለሁ» አለ። «እውነቱን እንዳለ እነግራታለሁ፤ አልጨምርም አልቀንስም። አላህ ልቧን ካራራው እሁድ ይመጣሉ።»

«ካላራራውስ?»

በሩ ላይ ዞሮ አያት። ከሄደም በኋላ እሷ ለረጅም ጊዜ በሩን ትመለከት ነበር፤ ጥያቄውን መልሳ ብትወስደው ወደደች።

እሁድ ሐጂ አብዶ ከንጋቱ ሰላት በኋላ አልተኙም። «እንዲያው ቤቱ አቧራ በዝቶበታል» ብለው ሳሎኑን አስጠረጉ። «እንዲያው ለፀሐይ ይሁን» ብለው ስምንት ወንበር በረንዳ ላይ አስደረደሩ። አዲሱን ጀለቢያቸውን ለበሱ፤ ለምን እንደለበሱ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፣ እሳቸው ግን «አሮጌው ታጥቧል» ሲሉ አስረዱ። ከዚያ በሩን ማየት በሚያስችል ቦታ ተቀምጠው፣ በሩን እንደማያዩ ሆነው ሙስባሃቸውን መቁጠር ያዙ።

ኢብቲሳም መስኮቷ ላይ ሆና ታያቸዋለች። መስኮቱ ደፍ ላይ ሳህኑ ተቀምጦበት የነበረው ክብ ምልክት ብቻ ቀርቷል። የቀትሩ ሰላት፣ ዙህር፣ አለፈ። ባጃጅ በደጅ ሲያልፍ ሐጂ ኮፊያቸውን ያስተካክላሉ፤ ድምፁ ሲርቅ መልሰው ወደ ሙስባሃው ይመለሳሉ። አስር ሰላትም አለፈ። ሞሚና ሦስት ጊዜ ከጓዳ ብቅ ብለው ሦስት ጊዜ ተመለሱ። ምግቡ ደርሶ በርዷል።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። ሐጂ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ ወዲያው ደግሞ የሴት አባት መሆናቸው ትዝ ብሏቸው ተመልሰው ተቀመጡ። ሞሚና ከፈቱ። የጎባ ሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም። በሻርፕ የተጠቀለለ ዕቃ አቀብሏቸው፣ «ለመምህርት ኢብቲሳም ስጥ ተብዬ ነው» ብሎ ሄደ።

ኢብቲሳም ስትደርስ እናቷ ሻርፑን ፈትተው ነበር። ሻርፑ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በአራት ታጥፏል። ሳህኑም ታጥቧል። ባዶ ነው።

በዚያ አገር የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። አንድ እፍኝ ገብስ፣ ቂጣ ቁራሽ፣ ምንም ከታጣ ቁንጥር ጨው ይደረግበታል። ባዶ ዕቃ አጥቦ የሚመልስ ሰው፣ በመካከላችን የቀረ ነገር የለም ማለቱ ነው። ኡሙሰልማ ክፉ ቃል አልላኩም። አልተሳደቡም፣ አላማረሩም። ሳህኑን ብቻ በደንብ አጥበው ላኩት። ሞሚና ልጃቸውን አዩ፤ ልጃቸው እናቷን አየች። ሞሚና ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ማልቀሻቸው እዚያ ነው።

የዕቃ መልስ ግን የሴቶች ቋንቋ ነው፤ ሐጂ አብዶ አያነቡትም።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ከበረንዳው።

«ሳህኑ ነው፣ አባ። ረዲ ለእናቱ ሊያሳያቸው ወስዶት ነበር።»

«ተክሉስ?»

ኢብቲሳም ሳህኑን አዘንብላ አሳየቻቸው። ሌላ ማድረግ የምትችለው ነገር አልነበረም።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ባዶውን ሳህን አዩት። እሷ ትንፋሿን ያዘች። ከዚያ ፊታቸው ላይ ቀስ በቀስ ፈገግታ ወጣ።

«አዛውረውታል» አሉ። «አየሽ? ችግኝ ሲፋፋ መደቡ ይጠበዋል፤ ወደ ሰፊ ቦታ ይዛወራል። ቁንጥሯ ሠርታለት ነው። ርቦት ነበር አላልኩሽም?»

«ብለውኝ ነበር፣ አባ።»

«ማዳበሪያውን ደህና ተቀበለው?»

ኢብቲሳም የአባቷን እጆች አየች። ጀለቢያው ላይ አርፈዋል፤ ጥፍራቸው ሥር የስንዴ መሬት አፈር ከልጅነቷ ጀምሮ አለ።

«ደህና ተቀበለው» አለች።

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲያው ዛሬ በሱ ተይዘው ነው የቀሩት። በሚመጣው እሁድ ይመጣሉ፣ ኢንሻላህ።» ወደ ጓዳው ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ሞሚና፣ ወንበሮቹን አታንሺ። እንዳሉ ይቆዩ።»

ሐጂ ሙስባሃቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ ጠግበው እንደበሉ ሰው ተደስተው ለመግሪብ ሰላት ሊዘጋጁ ተነሱ። ኢብቲሳም ሳህኑን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች። ሳጥን ውስጥ ልትደብቀው ነበር፤ ነገ አባቷ በመስኮቱ ሲያልፉ እንደሚፈልጉት ትዝ አላት። ስለዚህ ደፉ ላይ፣ ክብ ምልክቱ ላይ፣ ልክ በቦታው መልሳ አስቀመጠችው።